ብርቄ ደጃፍ ላይ የቀረችበት ዓመት

የኖርኩባትን ከተማ ስም አልጠራም። ብጠራት የምትቀየም ሆና አይደለም፤ ስምን በአደባባይ ማስጠራት በዚያ አገር የሚከፈልበት ነገር ስለሆነና እኔም ለዚያ የሚበቃ አቅም ስለሌለኝ ነው። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የማታጣ መካከለኛ ከተማ ነች ማለት ይበቃል። የሳሙና ነጋዴዎችም የወደዷት በዚሁ ምክንያት ነው።

በአደባባዩ ራስጌ የሳሙና ቤት የሚባል ትልቅ ሕንፃ አለ። በሕንፃው ፊት ደግሞ አንድ ሰፊ መስኮት አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስኮቱ ይከፈታል፣ ወግ ነጋሪ ይቀመጥበታል፣ ሕዝቡም ከየቤቱ በርጩማውን ተሸክሞ መጥቶ ያዳምጣል። ወጉ በነፃ ነበር። ለምን በነፃ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። በእኛ ዘንድ የጋበዘንን ሰው «ምን አስበህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ይህ ጨዋነታችን ብዙ ነገር አስበልቶናል።

የእኔ ሥራ ወጉን መቁረጥ ነበር። ታሪኩ በጣም ሲጥም፣ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ፣ ከውስጥ ደወል ይደወላል። ወግ ነጋሪዋ አፏን ትዘጋለች። እኔ ከጎኗ አንገቴን አውጥቼ ስለ ሳሙና እለፍፋለሁ፤ አረፋው እንዴት እንደሚበዛ፣ ሽታው እንዴት እንደሚያውድ፣ ያልገዛ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ምን እንደሚባል። ከመስኮቱ ሥር ባለች ትንሽ በር ሳሙናው ይሸጣል። ደወሉ ድጋሚ ሲደወል እኔ አንገቴን እሰበስብና ወጉ ይቀጥላል። በዚህ ሥራዬ የተነሳ ሰው ሁሉ «ቆራጡ» ይለኝ ነበር። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ጀግና እመስለውና እጅ ይነሳኛል። የከተማው ሰው ግን ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ወግ ነጋሪዋ አስካለ ትባላለች። ድምፅዋ ትንሽ ነው። እሷን ለመስማት ሰው የግድ ዝም ማለት ነበረበት፤ ብልሃቷም እሱ ይመስለኛል። የምትነግረው ወግ ስለ ብርቄ ነበር። ብርቄ ሞላ የሚባል ወንድም አላት። ግንብ የሚያስገነቡ ሰዎች በአገሯ ሲያልፉ ሞላን ከእርሻ ላይ አፍሰው ይወስዱታል፤ ኮቱ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። ብርቄም «ብርድ ይመታዋል» ብላ ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለችው። ወጉ ይኸው ነው። ብርቄ ትሄዳለች፣ ትጠይቃለች፣ «ትናንት አለፉ» ይሏታል፣ ደግሞ ትሄዳለች። በየዓመቱ አንድ ምዕራፍ ይነገራል። ወንዝ የወሰዳት ጊዜ ከተማችን ሐዘን ተቀመጠች፤ ማን ማንን እንደሚያስተዛዝን ስላልታወቀ ሁሉም ሁሉን አስተዛዘነ። በማግስቱ ከወንዙ ስትወጣ ደግሞ ኮቱ መድረቅ አለመድረቁን ሳያጣራ የተኛ ሰው የለም።

በዚያው ኮት የተነሳ የተኳረፉ ሰዎች ነበሩ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ውብሸት አንድ ቀን ከመሬት ተነስተው፣ «ልጁ ሲወሰድ ገና ጎረምሳ ነው። ግንብ ሲሠራ የኖረ ሰው ትከሻው ይሰፋል። ብታገኘውም ኮቱ አይገባውም» አሉ።

«እህት የተሸከመችው ኮት ይገባል» አሉ እትዬ የሺመቤት። እትዬ የሺመቤት የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው፤ ባይሾሙ ኖሮም ዳኛ ይሆኑ ነበር።

«በስፌት ሕግ አይገባም።»

«በስፌት ሕግ ማን ዘመድ አለህና?»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አንድ ክረምት ሙሉ አልተነጋገሩም። እትዬ የሺመቤት የተቀደደ ቀሚሳቸውን ለሌላ ሰፊ ሰጡ፤ ተበላሸባቸው፤ ቢሆንም ለበሱት። አስካለን ስንጠይቃት ፈገግ ብላ «የኮቱን ነገር እኔ አውቃለሁ፣ ታገሱ» ትለናለች። ታውቅም ነበር። መጨረሻውን ከመጀመሪያው በፊት ይዛ እንደተነሳች አንድ ቀን ነግራኛለች፤ የቀረው ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ነው። እኔም እንደማንኛውም ሰው መጨረሻውን እጠብቅ ነበር። በየማታው እየቆረጥኩት ስለምጠብቅ ግን ጥበቃዬ ከሰው የባሰ ነበር።

በሳሙና ቤት የቀጥል-አትቀጥል ሹም የሚባል ሹመት አለ። በእኔ ዘመን ሹሙ አቶ ደስይበለው ነበሩ። ክረምት ሲወጣ እያንዳንዱን ወግ መርምረው ወይ «ታደሰ» ወይ «ታጠፈ» ይላሉ። የሚረዳቸው ጆሮ ቆጣሪ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው፤ ማታ ማታ ከአደባባዩ ዳር ቆሞ ይቆጥራል። እኛም ጆሯችንን የሚቆጥር መስሎን፣ ሲያየን ሻሻችንን ገለጥ፣ ባርኔጣችንን ከፍ እናደርግለት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሹሙ አስካለንና እኔን አስጠሩን። ቢሯቸው የሎሚ ሳሙና ይሸታል። ሲያዩን ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉን፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሰው ስለማያምነኝ ነው።

«ወይዘሮ አስካለ፣» አሉ፣ «በወንዙ ጊዜ እኔ ራሴ አልቅሻለሁ። ባለቤቴ ትመስክር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች አስካለ።

«ግን ቁጥሩ ጎደለ።»

«አደባባዩ ሞልቶ ሰው ዛፍ ላይ እየወጣ፣ ምኑ ነው የጎደለው?»

«ቁጥሩ ነዋ» አሉ ሹሙ፣ እንደ ማዘን ብለው። «ምዕራፉ እስኪዘጋ ጊዜ አላችሁ። ሕዝቡ ከልቡ የሚወድ ከሆነ መውደዱን በግልጽ ያሳይ። እኔ ደግሞ የማድስበት ምክንያት ላግኝ።»

«እንዴት አድርጎ ያሳይ?» አልኩ እኔ።

«እሱንማ ሕዝቡ ራሱ ያውቃል» አሉና በር ድረስ ሸኙን።

አስካለ ስንወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። የቀራት አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር። «አንድ ዓመት ቢሰጡኝ ወጉ ያልቃል፣ ዘለቀ» አለችኝ በስሜ ጠርታ። «ከዚያ በኋላ ቢፈልጉ መስኮቱን ይድፈኑት።»

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እትዬ የሺመቤት ሕዝቡን ከዕድሩ ድንኳን ሰበሰቡት። ጋሽ ውብሸትም ኩርፊያቸውን ትተው መጡ። እዚህ ላይ የከተማችንን ወግ መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ የምናከብረው ሰው ሲናገር አይነሱም፣ አያስሉም፣ ውሃ እንኳ ቢቀርብ አይቀበሉም። ሰውን ማክበር ማለት ከፊቱ አለመነቃነቅ ነው። አክብሮታችንን ለመግለጽ ሌላ ነገር ተምረን አናውቅም።

«የምዕራፉ መዝጊያ ዕለት ልባችንን እናሳያቸው» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ከተቀመጠበት ንቅንቅ የሚል ሰው እንዳላይ። ደወሉ ሲደወል እንኳ ማንም እንዳይነሳ። ቆራጡ ሲጮህም አርፋችሁ ስሙት፤ ምን ያድርግ፣ እሱም እንጀራው ነው፣ ለእሱም ክብር ይገባዋል። ሳል የያዘው ሰው ቤቱ ሆኖ ይሳል።»

«ብንጮህላቸውስ? ብናጨበጭብስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ጩኸትንማ ማን እንደ እነሱ ይችላል? ዝም አይነቅዝም» አሉት። ነገሩ በዚያው ጸደቀ።

ያ ማታ ሲመጣ እንዲህ ያለ ሕዝብ በአደባባዩ አይቼ አላውቅም። የአልጋ ቁራኛ ሳይቀር ከነአልጋው መጥቶ ነበር። አስካለ ያን ዕለት ድምፅዋን ከወትሮውም ዝቅ አደረገችው። ብርቄ ግንቡ አልቆ ሠራተኞቹ ከተበተኑበት አገር ደርሳለች። «ሞላ የሚባል ሰው እዚያች ቤት ይኖራል» ብለው ከቀበሌው ዳር አንዲት ቤት ያሳዩዋታል። ዝናብ ይዘንባል። ኮቱ እንዳይርስ ከነጠላዋ ሥር ከታዋለች። በሩ ላይ ደረሰች። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ አይለይም። ለማንኳኳት እጇን አነሳች።

ደወሉ ተደወለ።

አንገቴን አውጥቼ ለፈፍኩ። የአደባባዩ ሰው ሁሉ ዓይኔን እያየ ሰማኝ። እናቶች ልጆቻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ዛፍ ላይ ያሉት ግንዱን አቅፈው ጸጥ ብለዋል። አንድ ሽማግሌ ዝንብ አፍንጫቸው ላይ አርፋ ዝም አሏት። በትንሿ በር ሳሙና የሚሸጠው ሰው የሚመጣለት ሲያጣ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተከብሬ አላውቅም። ወደ አስካለ ዘወር ስል ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ደወሉ ድጋሚ ሲደወል፣ «የቀረው በሚመጣው ምዕራፍ» አለችና መስኮቱ ተዘጋ። ሕዝቡ አሁንም አልተነሳም። ያሸነፍን መስሎን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ አገኘነው። ይህ ማለት ወጉ ታጥፏል ማለት ነው። ሕዝቡ ቤቱን ከበበው። ሹሙ ጆሮ ቆጣሪውን አስከትለው ወጡ።

«ቁጥሩን ይንገራችሁ» አሉ።

«አንድም እግር አልተነሳም» አለ ጆሮ ቆጣሪው።

«የምን እግር?» አሉ እትዬ የሺመቤት። «አንተ ጆሮ ቆጣሪ አይደለህም?»

«ስሙ ነው እንጂ፣ እትዬ። ጆሮ ምን ያደርግልናል? ጆሮ ሄዶ ሳሙና አይገዛም። እኔ የምቆጥረው ደወል ሲደወል ከበርጩማ የሚነሳውን እግር ነው። የሌላው ቀን ትንሽም ቢሆን ነበር። ትናንት ጭራሽ ጠፋ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ፤ እውነቱን ነበር።

ሹሙ ነገሩን ለስለስ አድርገው አስረዱን። የአስካለ ወግ ሰውን ከመቀመጫው ጋር ይሰፋዋል። ሰው ደወል ሲደወል እንኳ ብርቄን እያሰበ ስለሚቀመጥ ሳሙና መኖሩን ይረሳል። በአንጻሩ ማክሰኞና ሐሙስ ከአስካለ በፊት የሚቀርበው የጭቃ ትርኢት፣ ሁለት ሰዎች በመስኮቱ ቆመው የሚሰዳደቡበትና ጭቃ የሚወራወሩበት፣ ማንም አልወደውም ቢልም ከፊት የተቀመጠውን ሁሉ ስለሚያቆሽሽ ሳሙናውን ያሻማል። «ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ» አሉ ሹሙ። ለእኛ ግን አልተዉትም።

እትዬ የሺመቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ ያስቀረኋት» አሉ። ጋሽ ውብሸት አጠገባቸው ቆመው፣ «የለም፣ ሁላችንም ነን» አሏቸው። ከዚያ ጋሽ ውብሸት ድንገት፣ «እንግዲያው እንግዛ። እግር ነው የፈለጋችሁት? ይኸው እግር» ብለው ወደ ትንሿ በር ሄዱ። ሕዝቡም ተከተላቸው።

በዚያ ሳምንት ከተማዋ የገዛችውን ያህል ሳሙና በዘመኗ ገዝታ አታውቅም። በግ የሸጠ አለ። አልጋ ሥር ያልተደረደረበት ቤት አልነበረም፤ ልጆች እንደ ጡብ እየካቡ ይጫወቱበት ጀመር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ልከን ሹሙን «አሁንስ?» አስባልናቸው። ሹሙ በጣም እንደተነኩ ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው። ቀጥለውም፣ «ግን እኮ የሚመጣውን ዓመት ሳሙና ገዝታችሁ ጨርሳችኋል። የሚመጣውን ዓመት ወግ ለማን ብለን እናቅርብ?» አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ስለ ዝናቡ አወሩልን።

እኔ ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። በዚያ አገር ሕግ የጠፋ ዕቃ ግብር አይከፈልበትም። የታጠፈ ወግም እንደ ጠፋ ዕቃ ስለሚታይ ለሳሙና ቤት ትልቅ የግብር ቅናሽ ያስገኝለታል፤ ነገር ግን በእውነት መጥፋት አለበት። መጨረሻው ከአንድ ሰው አፍ እንኳ ከተሰማ ጠፋ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሹሙ አስካለን ድጋሚ አስጠሯት። እኔ ደግሞ ምስክር ሆኜ ተጠራሁ።

«ብርቄ ወደ ቤት ከገባች የእኛ ቤት ይከስራል» አሉ ሹሙ። «ደጅ ከቀረች ግን ቤቱ ያተርፋል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ወይዘሮ አስካለ።»

ከክፍሉ መሀል አንድ ጋን ቆሟል። አስካለ የወጉን መጨረሻ ጋኑ ውስጥ ትናገራለች፣ እኛ እስክትጨርስ ውጭ እንቆማለን፣ ከዚያ አፉ ይደፈናል። እንደዚያው ተደረገ። በበሩ ቀዳዳ የምትለው አይሰማም ነበር፤ የድምፅዋን ትንሽነት ለመጀመሪያ ጊዜ የረገምኩት ያን ቀን ነው። አንድ ጊዜ የሳቀች መሰለኝ። ከጨረሰች በኋላ የጋኑን አፍ ከጭቃ ትርኢት በተረፈ ጭቃ መርገው ወደ ጓዳ ወሰዱት። እዚያ ሌሎች ጋኖችም ተደርድረው አየሁ።

«አሁን ከእኔ ጠፋ ማለት ነው?» አለች አስካለ።

«ማስታወስ ይችላሉ» አሉ ሹሙ በትሕትና። «ማወቅ ግን አይችሉም።»

ለድካሟ አንድ ካርቶን ሳሙና ሰጧት። ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ቤቷ ሸኘኋት። በሯ ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«አስካለ፣ ለእኔ ብቻ። ኮቱ ይገባዋል አይገባውም? ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«ከተነገረ ግብሩን የምከፍለው እኔ ነኝ። ይህቺ ቤት ተሸጣም አትበቃም» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ደግሞም ዘለቀ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። መንገድ ላይ ወጉን ለራሴ ልነግረው ስሞክር መጣሁ። ብርቄ እጇን እስከምታነሳ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ደወሉ ይሰማኛል» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንተ ትጮሃለህ።»

ካርቶኑን በሯ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ እንደዚያች ቃል አንጀቴን የቆረጠኝ የለም። የለፈፍኩበትን ማታ ሁሉ መልሼ ዝም ብልላት በወደድኩ።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስ። የጭቃ ትርኢቱ ሳምንቱን ሙሉ መታየት ጀመረ። ሕዝቡ እየተሳደበ መጣ፣ እየተሳደበ ቆሸሸ፣ እየተሳደበ ገዛ። ትንሽ ቆይቶ ጭቃ ወርዋሪዎቹ ደመወዝ ይጨመርልን አሉ። ሹሙ መረመሩና ሕዝቡ ከልማድ የተነሳ ምንም ባይቀርብለትም በርጩማውን ይዞ እንደሚመጣና ሳሙና እንደሚገዛ ደረሱበት። የጭቃ ትርኢቱም ታጠፈ። አሁን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስኮቱ ይከፈታል፣ ደወል ይደወላል፣ እኔ እለፍፋለሁ፣ ደወል ይደወላል፣ መስኮቱ ይዘጋል። ትርፉ ከመቼውም የበለጠ ነው ይላሉ። ሹሙም ለዚህ ሥራቸው ወደ ሌላ ከተማ በዕድገት ተዛወሩ፤ ሲሰናበቱን አልቅሰዋል።

አስካለም ትመጣለች። ከኋላ ረድፍ ከሰው ጋር ትቀመጣለች። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት ስለ ጤናዋ እንጂ ስለ ብርቄ አይጠይቃትም፤ እንዳያስከፍሏት ስለሚፈራላት ነው። የሚያወራት ሁሉ ግን ዓይኑ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች፤ ለዚህም ነው መሰለኝ አንገቷን መድፋት ያበዛችው።

ባለፈው ሳምንት፣ እኔ በልፈፋዬ መሀል እያለሁ፣ አስካለ ከተቀመጠችበት ተነሳች። በበርጩማዎቹ መሀል ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ መምጣት ጀመረች። ሰው አያት። አንዱ ሌላውን ጎሰመው። እንደዚያን ማታ አንድም የሚነቃነቅ ጠፋ፤ ጋሽ ውብሸት ሳላቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። እኔም ልፈፋዬን አቋረጥኩ። ማንም ሳያዘኝ ከመስኮቱ መሀል ፈቀቅ ብዬ የድሮ ቦታዋን ለቀቅኩላት። መጥታ እጇን መስኮቱ ላይ አሳረፈች፤ እጇ ከስቷል።

«ንገሪን፣ ልጄ» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ዕዳውን እንካፈለዋለን።»

አስካለ ሕዝቡን ዘወር ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። አንድ ነገር ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ግንባሯ ተቋጠረ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ የፈለገችውን ሳታገኝ ቋጠሮው ተፈታ። ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ሳሙና ስጠኝ» አለችኝ።

ከሥር ተቀብዬ ሰጠኋት። ከአደባባዩ ዳር ጆሮ ቆጣሪው ጎንበስ ብሎ እግሯን ቆጠረ። አስካለ ሳሙናውን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያይ ነበር፤ የመዝጊያው ደወል ገና አልተደወለም፤ እኔም ስለ አረፋው ካቆምኩበት ቀጠልኩ።